ማየትና መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ረዳት ለመሆን ስለሚያስፈልገው ትምህርት

በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ክፍል የሚገኘው የመርካቶ ገበያ የዓይንና የጆሮ ገበያ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ዘርግቶ ያሳያል፤ ዋጋውንም እየጮኸ ያሰማል። ገዢውም አይቶ ይመርጣል፤ ሰምቶም ይከራከራል። ሸክም የተሸከመው ሠራተኛ ከኋላ ሲመጣ «ዞር በል!» እያለ ያስጠነቅቃል፤ የሰማው ዘወር ይላል፤ ያልሰማውም ቢሆን አይቶ ይድናል። እንግዲህ ማየትም መስማትም የተሳነው ሰው በዚህ ገበያ መካከል እንዴት ይቆማል? እንዴትስ ይሸምታል? ብለን ብንጠይቅ፥ ብዙ ሰው «እንዲህ ያለው ሰው ከቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል» ብሎ ይመልስልናል።

ይህ መልስ ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል። ነገር ግን ሰውን በሕይወቱ ሳለ ከሰው መለየት ማለት ነው። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንወደው ሌላ መልስ መኖሩን ነው፤ ይኸውም እንዲህ ላለው ሰው ዓለሙን በእጁ ላይ የሚያደርስለት፥ ተምሮ የሠለጠነ ረዳት ነው። ይህ ረዳትነት በደግነት ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ እንደ ሐኪምነትና እንደ መምህርነት ሁሉ ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማየትና መስማት የተሳናቸው የሚባሉት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ማወቅ ያሻል። ሁሉም ጨርሶ የማያዩና ጨርሶ የማይሰሙ አይደሉም። አንዳንዱ ጥቂት ብርሃን ይለያል፤ አንዳንዱም ከቅርብ የተነገረውን ድምፅ ይሰማል። ሆኖም አንዱ ሕዋስ የሌላውን ጉድለት ሊሞላ ስላልቻለ ችግራቸው ከዓይነ ስውሩም መስማት ከተሳነውም ሰው ችግር የተለየ ነው። ዓይነ ስውር በጆሮው ይማራል፤ መስማት የተሳነውም በዓይኑ ይማራል። እነዚህ ግን ሁለቱንም ደጆች አጥተዋል። የዓለም ማኅበራቸው በ2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) ባወጣው ጽሑፍ፥ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 0.2 የሚሆነው ችግሩ የጠናበት፥ ቀለል ያለው ችግር ያለበት ሲጨመርም ቍጥሩ ከመቶ 2 እንደሚደርስ ገልጿል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ወይም በሁለት ቤት የሚገኝ ብርቅ ነገር አይደለም።

ምክንያቱም ብዙ ነው፤ ባለሙያው ሊማር ከሚገባው የመጀመሪያው ነገርም ይህ ነው። አንደኛው ክፍል ከልደቱ ጀምሮ እንዲህ የሆነው ሕፃን ነው፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ሩቤላ የሚባል በሽታ ሲይዛት፥ ወይም ሕፃኑ ጊዜው ሳይደርስ ሲወለድ ይህ ሊደርስበት ይችላል። ሁለተኛው መስማት ተስኖት ከተወለደ በኋላ፥ አሸር በተባለው የዓይን ሐኪም ስም በሚጠራው ከዘር በሚተላለፍ በሽታ ምክንያት የዓይኑ ብርሃን ቀስ በቀስ የሚጠፋበት ነው። ሦስተኛው አስቀድሞ ማየት የተሳነው፥ በኋላም በማጅራት ገትር ወይም በሌላ በሽታ ጆሮውን ያጣ ነው። አራተኛው ዕድሜው ገፍቶ ሁለቱንም ያጣ ሽማግሌ ነው። ከአራቱ ለአንዱ የሚስማማው የትምህርት መንገድ ለሌላው አይስማማም። ቋንቋን ፈጽሞ ሰምቶ የማያውቅ ሕፃንና ሰባ ዓመት ሲነጋገር የኖረ ሽማግሌ በአንድ መንገድ አይረዱም።

አገራችን ዓይነ ስውርን የማስተማር ልማድ ከጥንት ጀምሮ አላት። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ትምህርቱ በቃል ስለሚሰጥ፥ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋራ ተቀምጦ፥ መምህሩ ያለውን በጆሮው ተቀብሎ በልቡ ያኖር ነበር፤ በዚህም መንገድ ብዙ ሊቃውንት ተገኝተዋል። ይህ የሆነው የጆሮ ደጅ ክፍት ስለ ነበረ ነው። ሁለቱም ደጆች በተዘጉ ጊዜ ግን አባቶቻችን ሦስተኛ ደጅ አላዘጋጁልንም። ሦስተኛው ደጅ እጅ ነው። የዚህም ሙያ መሠረት እጅን እንደ ዓይንም እንደ ጆሮም አድርጎ ማሠልጠን ነው።

በእጅ ደጅ መግባት እንደሚቻል በግልጥ የታየው በአሜሪካ አገር ነው። በ1837 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) ዶክተር ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው ሎራ ብሪጅማን የምትባለውን የሰባት ዓመት ልጅ ቦስተን ከተማ ወደሚገኘው፥ በኋላ ፐርኪንስ ተብሎ ወደ ተጠራው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስገባት። እንደ ማንኪያና እንደ ቍልፍ ባሉት ዕቃዎች ላይ በእጅ ሲዳሰሱ የሚታወቁ የጐሉ ፊደሎችን እየለጠፈ፥ የነገርን ስም አስተማራት።

ከዚህም በኋላ በ1887 ዓ.ም. አን ሳሊቫን የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ሄለን ኬለርን ልታስተምር ወደ አላባማ ሄደች። ሄለን በ19 ወሯ ባገኛት በሽታ ማየትና መስማት አጥታ ነበረ። የአን ሳሊቫን ታሪክ ለኛ ቅርብ የሚሆንበት ምክንያት አለ። እርሷም ራሷ በሕፃንነቷ ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ብርሃኗን አድክሞባት ነበረ። ይህ በሽታ እስከ ዛሬ ድረስ በኢትዮጵያ፥ ይልቁንም በአማራ ክልል ገጠሮች ብዙ ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ነው። ሁለተኛም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ አን ሳሊቫን ሥራውን ከመጀመሯ አስቀድሞ በፐርኪንስ ትምህርት ቤት ከሎራ ብሪጅማን ጋራ በአንድ ቤት ኖራ በጣት መነጋገርን ተምራለች፤ ዶክተር ሃው ስለ ሎራ የጻፋቸውን መዝገቦችም ለብዙ ወራት ተቀምጣ አጥንታለች። ከዚያ በኋላ ነው የሄደችው። በሄደች በአንድ ወር ገደማ፥ በአንደኛው እጇ ላይ የጕድጓድ ውኃ እያፈሰሰች በሁለተኛው መዳፏ ላይ «ውኃ» የሚለውን ቃል በጣቶቿ ስትጽፍላት፥ ሄለን ለነገር ሁሉ ስም እንዳለው ተረዳች። ኋላም በ1904 ዓ.ም. ሄለን ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመርቃለች። ሰዎች ይህን እንደ ተአምር ያወሩታል፤ ነገር ግን ከተአምሩ በፊት ጥናት ነበረበት።

ከእኛው ወገንም ምሳሌ አለን። አባቷ ኢትዮጵያዊ፥ እናቷ ኤርትራዊት የሆኑት ሐበን ግርማ በ1988 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) በካሊፎርኒያ ተወልዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቃለች፤ ማየትና መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያይቱ ናት። የሚያነጋግራት ሰው ቃሉን በጽሕፈት መሣሪያ ይጽፋል፤ ቃሉም በሌላ መሣሪያ ላይ የብሬል ነጥብ ሆኖ ከጣቷ ሥር ይነሣል። በ2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ በዚሁ መሣሪያ ጽፈው አነጋግረዋታል። ይህችው ሴት ስለ ታላቅ ወንድሟ የምትተርከው ነገር ግን ልብ ይነካል። እርሱም እንደ እርሷ ያለ ነበረ፤ አያቱ በምሥራቅ አፍሪቃ ወደ ትምህርት ቤት ብትወስደው፥ እንዲህ ላለ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት የለም ተብላ ተመለሰች። ሁለቱ ልጆች ወንድምና እኅት ናቸው። አንደኛዋን ደጅ የተከፈተላት፥ ሌላውን የተዘጋበት፥ የሠለጠነ መምህር መኖርና አለመኖር ነው።

እንግዲህ ይህን ሙያ ሊማር የሚወድ ወጣት ምን ምን ይማራል?

አንደኛ፥ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ይማራል፤ ቀጥሎም ይህንኑ ቋንቋ በዓይን ሳይሆን በእጅ እንዲታወቅ አድርጎ መናገርን ይለማመዳል። አድማጩ እጁን በተናጋሪው እጅ ላይ ያኖርና የምልክቱን ቅርጽና አካሄድ ይከተላል። በዚህ ረገድ ፊደላችን ደስ የሚያሰኝ ጠባይ አለው። በምልክት ቋንቋችን ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ ተወስኖለታል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። ስለዚህ «በ»ን «ቡ» «ቢ» የሚያሰኘው የቅርጹ መለወጥ ሳይሆን የእጁ አካሄድ ነው። ይህንንም እጅን በእጅ ላይ አኑሮ መለየት ይቻላል።

ሁለተኛ፥ የብሬልን ጽሕፈት ይማራል። ይህን በስድስት ነጥብ የሚጻፍ ጽሕፈት ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ያዘጋጀው ሲሆን፥ ለአማርኛ ፊደልም ተስማምቶ ሲሠራበት ቆይቷል።

ሦስተኛ፥ ቋንቋ ገና ለሌለው ሕፃን በዕቃ መነጋገርን ይማራል። ሁልጊዜ ከመጠጣት በፊት አንድ ትንሽ ኩባያ፥ ከቤት ከመውጣት በፊት የነጠላ ቍራጭ፥ ከመታጠብ በፊት ፎጣ ለሕፃኑ ማስዳሰስ ይገባል። ዕቃዎቹም እንደ ቀኑ ሥራ ቅደም ተከተል በሣጥን ውስጥ ተደርድረው ሲዳስሳቸው፥ ሕፃኑ «ቀጥሎ ምን ይመጣል» የሚለውን ማወቅ ይጀምራል። ይህን መንገድ ካስፋፉት ሊቃውንት አንዱ የሆላንዱ ያን ፋን ዳይክ ናቸው። ሕፃኑ የሚሆነውን ሳያውቅ ድንገት የሚነሣ፥ ድንገት የሚታጠብ፥ ድንገት የሚጐረስ ሲሆን ቢጮኽና ቢናከስ፥ ክፉ ጠባይ ነው ልንል አይገባም፤ ማንም ሰው በጨለማና በዝምታ ሳለ የማያውቀው እጅ ቢይዘው እንዲሁ ያደርጋል።

አራተኛ፥ መምራትን ይማራል። መሪው ተመሪውን ከኋላ አይገፋም፤ እጁንም ይዞ አይጐትትም። ተመሪው የመሪውን ክንድ ከክርን በላይ ይይዛል፤ መሪውም ግማሽ እርምጃ ያህል ይቀድማል። መንገዱ ሲጠብ መሪው ክንዱን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ተመሪውም ይህን ሲያውቅ ከኋላው ይሰለፋል። ከደረጃ ሲደርሱ ቆም ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን ያስታውቃል። ለጥቂት ጊዜ መለየት ቢያስፈልገው ባዶ ሜዳ ላይ አያቆመውም፤ እጁን ከግድግዳ ወይም ከወንበር ያገናኝለታል።

አምስተኛ፥ የሙያውን ሥነ ምግባር ይማራል። የሰማውን ምስጢር አያወጣም፤ የሰማውን አይቀንስም፤ በሰውየውም ስፍራ ሆኖ አይፈርድም። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው።

እነዚህ አምስቱ ነገሮች በክፍል ውስጥ ተጀምረው በክፍል ውስጥ የሚያልቁ አይደሉም። ተማሪው ወደ ገበያ ወጥቶ ሊፈተንባቸው ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከመርካቶ የሚበልጥ የፈተና ስፍራ የለም። በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥተው ወደዚህ ካዛወሩት ወዲህ፥ መርካቶ በየሸቀጡ በተራ በተራ ተከፍሎ አድጓል። በተራ መከፈሉም ለዚህ ነገር ይጠቅማል። በርበሬና ቅመም ከሚሸጥበት ስፍራ ሲደርሱ አፍንጫ ያውቀዋል። በምናለሽ ተራ ብረትና ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ፥ የማይሰማው ሰው ንዝረቱን በእግሩና በእጁ ይሰማዋል። የጨርቁ ጥራት በጣት ይመረመራል፤ የእህሉም ንጽሕና በመዳፍ ይታወቃል። የአንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በአንድ አካባቢ ስለሚገኙ፥ ከእነርሱ ተነሥቶ አቅጣጫን በልብ መያዝ ይቻላል። እኛ የምናይ ሰዎች በዓይናችን ተማምነን ይህን ሁሉ ሳናስተውል እናልፈዋለን።

የረዳቱም ሥራ በዚህ ገበያ መካከል በግልጥ ይታያል። አንዲት ማየትና መስማት የተሳናት ሴት ለልብስ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ መጣች እንበል። ነጋዴው ዋጋውን ሲጠራ ረዳቷ በእጇ ላይ ይነግራታል። ነገር ግን ሥራው በዚህ አያበቃም። ነጋዴው እየሣቀ እንደሚናገር፥ ሌላ ገዢ ያንኑ ጨርቅ እንደ ያዘ፥ ከመደርደሪያው ላይ ቀይና ሰማያዊ እንደ ቀረ፥ ተሸካሚም ከኋላ እየመጣ ስለ ሆነ ጠጋ ማለት እንደሚገባ ያስታውቃታል። ነጋዴው ፊቱን ወደ ረዳቱ መልሶ «ለእርሷ ምን ዓይነት ይሻላታል?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ረዳቱ «እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር» አይልም፤ ጥያቄውን እንዳለ በእጇ ያደርስላታል። «ተወደደ፤ ተይው» ብሎም አይመክራትም። ርካሹን ትታ ውዱን ብትመርጥ ገንዘቡ የእርሷ ነው፤ ምርጫውም የእርሷ ነው። ረዳቱ ከሌላው ሰው ዓይንና ጆሮ የሚገባውን ሁሉ ለእርሷ ያቀርባል፤ ውሳኔውን ግን ለእርሷ ይተዋል። ደግ ጎረቤትና የተማረ ባለሙያ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ደግ ጎረቤት ጨርቁን ገዝቶ ወደ ቤቷ ያመጣላታል፤ ባለሙያው ግን እርሷ ራሷ እንድትገዛ ያደርጋታል።

በከተማችንም ሆነ በገጠር ስንመለከተው የኖርነው የመሪነት ልማድ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አንድ ሕፃን የበትሩን ጫፍ ይዞ ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ ከደጀ ሰላም ወደ ገበያ፥ ከገበያ ወደ ደጀ ሰላም ሲመራው ይውላል። ሽማግሌው የሚደርሰው ሕፃኑ ካደረሰው ብቻ ነው፤ ሕፃኑም የሚማርበትን ዘመን በበትር ጫፍ ይፈጃል። ትምህርት የሌለው መሪነት ስለዚህ የሁለት ሰው ሕይወት ይወስዳል። የሠለጠነ ረዳት ደመወዝ ከወዴት ይመጣል? ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ቢኖር፥ ሁለት ሰዎች ያለ ሥራና ያለ ትምህርት ሲቀሩ አገር የምትከፍለውንም ዋጋ አብሮ ሊቈጥር ይገባዋል።

በአገራችን ለዚህ ሙያ የሚሆኑ መነሻዎች አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋና የልዩ ፍላጎት ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ሲሰጡ ቆይተዋል። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል የሚያውቁ መምህራን ይገኛሉ። በመካኒሳና በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ማየትና መስማት የተሳናቸውም ሰዎች የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር አላቸው። እንግዲህ ዕውቀቱ የለም ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ተበታትኖ ነው ያለው። የምልክት ቋንቋ አዋቂው ብሬልን፥ ብሬል አዋቂውም የምልክት ቋንቋን ሳያውቅ ይኖራል። ሁለቱ ሲገናኙ፥ በላዩም የመምራት ጥበብና ሥነ ምግባር ሲጨመርበት፥ ያን ጊዜ ሙያው ይቆማል።

ይህም የምጽዋት ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግ ጕዳይ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ማየትና መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለይቶ በስም በመጥራት፥ ለእያንዳንዱ በሚስማማው ቋንቋና መንገድ እንዲማሩ ያዝዛል። መምህር ሳይሠለጥን ግን ይህ ትእዛዝ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በትምህርት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን በየትምህርት ቤቱ ጥቂት ወጣቶችን መርጠው ሁለቱንም ቋንቋ እንዲማሩ ቢያደርጉ፥ በፍርድ ቤትና በሐኪም ቤትም ለእንዲህ ያለ ረዳት ደመወዝ ቢመድቡ፥ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ለቤተ ሰብም የምንለው አለን፤ ባለሙያው እስኪገኝ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባምና። መስማት የተሳነው ልጅ ሲመሽ የሚደናቀፍ፥ ከጐኑም ያለውን ነገር የማያይ ሆኖ ዓለሙን በመቃ ቀዳዳ እንደሚመለከት ከሆነ፥ ችላ ሳትሉ ለዓይን ሐኪም አሳዩት። ዓይነ ስውሩም ልጅ ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ እንቢተኛ ነው ሳትሉ ጆሮውን አስመርምሩት። ማየትና መስማት የተሳነውን ሕፃን ድንገት አትያዙት፤ እጃችሁን ከእጁ ሥር አድርጋችሁ እርሱ እንዲዳስሳችሁ ጠብቁት። ከቤተ ሰብ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ አንድ መታወቂያ ይኑረው፤ እናት ቀለበቷን፥ አባት ጺሙን፥ እኅት የተጐነጐነ ጠጕሯን እያስዳሰሰች ትታወቅ። እንግዳ ሲመጣም ልጁን ወደ ጓዳ አትደብቁት፤ የእንግዳውን እጅ ጨብጦ ይወቀው።

በየቤታችን ያሉትን አረጋውያንም አንርሳ። ዓይናቸው ደክሞ ጆሮአቸውም ሲደነግዝ «ጃጅተዋል» ብለን ከጨዋታ የምናገልላቸው ብዙ ናቸው፤ አእምሮአቸው ግን ምሉእ ሊሆን ይችላል። ፊደል የቈጠሩ ከሆኑ በጣታችን ጫፍ በመዳፋቸው ላይ አንድ አንድ ፊደል እየጻፍን ልናነጋግራቸው እንችላለን። ለዚህ መሣሪያም ገንዘብም አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል። ዛሬ ማታ የልጅ ልጁ መጥቶ በአያቱ መዳፍ ላይ ስሙን ቢጽፍላቸው፥ የዚህን ሙያ የመጀመሪያውን ትምህርት ተማረ ማለት ነው። ከዚያ አልፎ ሊማር የሚወድ ወጣት በቤታችሁ ቢገኝ ግን፥ «ይህ ምን ሥራ ነው?» ብላችሁ አትከልክሉት፤ አገሩ የምትፈልገውን ሙያ መርጧልና አበረታቱት።